የበረኛዋ ዝምታ

በእኛ ሰፈር፣ በዳሬሰላሟ ኬኮ ውስጥ ተሸንፎ የሚያውቅ ቡድን የለም። ሁልጊዜ ይሸጣል። አምስት ለባዶ ብንወጣ እንኳ አንዱ ሸጦን ነው እንጂ ሌሎቹ በልጠውን አይደለም። ሻጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በረኛው ነው፤ በረኛው የሰፈር ልጅ ካልሆነማ ነገሩ አለቀ፣ ምስክርም አያስፈልግ። ኤሻታን ያገኛት ይኸው ነው። ባወራሁት ቁጥር እስካሁን ያበግነኛል።

ኤሻታ ከኮሞሮ ደሴቶች ዳሬሰላም የመጣችው አዋላጅ ነርስ ልትሆን ነው። ኮሌጁ ማስተማሪያ ክፍል እንጂ ማደሪያ አልነበረውም። ሻንጣዋን እየጎተተች በኬኮ መንገድ ላይ የሚከራይ ክፍል ስትጠይቅ ያገኘቻት ፒሊ ናት። ፒሊ ከእናቷ ጋር ካሳቫ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ከሰዓት ደግሞ የታጠቀችውን የካንጋ ሽርጥ ፈትታ ማልያ የምታጠልቅ፣ "የኬኮ እህቶች" የሚባለው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አምበል ናት። ያቺን መለሎ ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ፣

"ኳስ ትይዣለሽ?" አለቻት።

"እይዛለሁ። አገር ቤት በረኛ ነበርኩ።"

"እና ምን ትንከራተቻለሽ? ሻንጣሽን ወዲህ በይ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ክፍል፣ አንድ የትንኝ አጎበር፣ አንድ ትራስ ሆኑ። ኤሻታ ከኮሌጅ ስትመለስ የፒሊ እናት የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን ሸፍነው ይጠብቋታል። ሰፈሩ "ምንጋዚጃ" ይላታል፣ ያገሯን ሰው የምንጠራበት ስም ነው፤ በስዋሂሊዋም ይቀልዳል። "ስታወሪ እኮ የዓሣ አጥንት ጉሮሮሽ ላይ የተሰነቀረብሽ ትመስያለሽ" ይሏታል፤ እሷም "አጥንቱን የዋጥኩት እናንተ ሥጋውን ጨርሳችሁ ነዋ" ትላለች። አባቷ ደውሎ "እዚያ ዘመድ አገኘሽ ወይ?" ሲላት "ቡድን አገኘሁ" ብላ ነው የመለሰችለት። እውነቷን ነበር። በዚያ ትልቅ ከተማ ያላት ነገር ቢኖር ይኼ ቡድንና በቡድኑ ውስጥ ያላት ስም ብቻ ነው።

ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ቡድናችን ለሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ዋንጫ ይባል እንጂ ሽልማቱ በሬ ነው። ተጋጣሚዎቻችን ደግሞ የቡጉሩኒ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ከእነሱ ጋር ያለን ነገር የቆየ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲመጣ ሥልጣኑ ከአሰልጣኟ እጅ ይወጣና ለቴክኒክ ኮሚቴው ይሰጣል። የቴክኒክ ኮሚቴ ስላችሁ ስለ ኳስ የሚያውቁ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ኳስ ቢያዩ ለመቀመጫ የሚፈልጓት፣ ባለመድኃኒት ዘንድ ሄደው "እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አታድርጉ" የሚል ይዘው የሚመለሱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሊቀ መንበሩ ምዜ ሾማሪ ናቸው፣ አናጢው፤ ምዜ የምንለው ትልቅ ሰውን ነው። ኬኮ ውስጥ ያገባ ሁሉ የተኛው እሳቸው በሠሩት አልጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቃላቸው ይከበራል።

ዓርብ ከሰዓት ልጆቹን ሁሉ አናጢ ቤታቸው ውስጥ ሰጋቱራው ላይ አስቀመጧቸው።

"ባለመድኃኒቱ ተናግሯል" አሉ። "ነገ ሜዳው ውስጥ በበር የሚገባ እንዳይኖር። ቡጉሩኒዎች በሩ ላይ ያልቀበሩት ነገር የለም። በግንቡ ነው የምንዘለው። የማንንም እጅ አትጨብጡ። በረኛዋ ደግሞ፣" ወደ ኤሻታ ዞሩ፣ "ከእንቅልፏ ከነቃች ጀምሮ የዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ከአፏ ቃል እንዳይወጣ። አንዲት ቃል! ለእናትም ለአባትም ቢሆን። ከወጣች መረባችን ተቀደደ በሉ።"

"ምዜ፣ እኔ ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ እኮ" አለች ኤሻታ።

"ተፈተኚያ! መጻፍ ማን ከለከለሽ?"

"የቃል ፈተና ነው።"

"የቃል?" ምዜ ሾማሪ ወደ ኮሚቴያቸው ዞሩ። "ዘንድሮ አዋላጅነት በአፍ ሆነ እንዴ? በእጅሽ አሳያቸዋ!"

ሰጋቱራው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ተከላካይዋ ቻውሲኩ፣ ነገር ማቀጣጠል የማይሰለቻት፣ "ሕፃኑንም በጥቅሻ ና ውጣ በዪው!" አለች። ሳቁ ባሰ።

ኤሻታ አልሳቀችም። ያን ፈተና ከወደቀች ዓመቱን መድገም አለ፤ እንድትደግም የሚረዳት ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ፈተናውን መውደቅ ማለት ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ደሴት መመለስ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃሉ። እያወቁ መሳቃቸው ነው ያናደዳት። ልትነሳ ስትል ፒሊ ጭኗን ቆነጠጠቻት።

"እሺ በያቸው" አለች በሹክሹክታ። "እሺ በይና የፈለግሽውን አድርጊ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ባለፈው ዙር እኔን ገላሽን እንዳትታጠቢ ብለውኝ ታጥቤ አይደል የመጣሁት?"

"ከታወቀስ?"

"እኔ እያለሁልሽ?"

ኤሻታ ፒሊን አየቻት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ "እሺ ምዜ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፒሊ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቀሰቀሰቻት። ሻዩንም፣ ማንዳዚ የሚባለውን ጥብስ ዳቦም ያለ ቃል፣ በዓይንና በእጅ እየተግባቡ ጨረሱ። ጨዋታ ሆኖላቸው ነበር። ኤሻታ ነጩን የነርስ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ፒሊ እስከ ባጃጁ ልትሸኛት ተከተለቻት።

መንገዱ በምዜ ሾማሪ በር ነው የሚያልፈው። አልጋና ቁምሳጥን እስከ አስፋልቱ ድረስ ተደርድሯል፤ እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብለው ሳንቃ ይልጋሉ። ያገራችን ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ብሎ አያልፍም። ልጁ "ሺካሞ" ይላል፣ ትልቁ "ማራሃባ" ይላል፤ ያላለ ልጅ እናቱ ያላሳደገችው ነው። ኤሻታም ያደገችው እንደዚሁ ነው፣ ደሴትም ይሁን የብስ እናት እናት ናት። እና ሁለቱም በአንድ አፍ፣

"ሺካሞ ምዜ!"

"ማራሃባ፣ ልጆቼ" አሉ ቀና ሳይሉ። መላጊያው ለአፍታም አልቆመም።

ጥቂት እንደተራመዱ ፒሊ ድንገት አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ተናገርሽ እኮ!" አለች። "እሳቸውም እኮ መለሱ! ራሳቸው ከልክለው ራሳቸው!"

ኤሻታም ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከወጣ ወዲያ ምን ቀረ? ባጃጁ ውስጥ ገብታ የምጥን ደረጃዎች ጮክ ብላ እየደገመች ሄደች፣ ሾፌሩ የኬኮ ልጅ ነው፣ "እህቴ፣ እዚህ እንዳትወልጂ!" እያለ አላገጠባት። ፈተናውም ላይ ጠየቋት፣ መለሰች፤ አሁንም ጠየቋት፣ መለሰች። ፈታኟ በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው "በቃሽ ልጄ፣ አልፈሻል" አሏት።

ከሰዓት በግንቡ ዘለልን። ቻውሲኩ ቁምጣዋን ሽቦ ያዘባት። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ፣ ፍጹም ቅጣት ምት መጣ። ኤሻታ ሁለት ያዘች። ሁለት! በየትኛውም አገር ሁለት የያዘች በረኛ በትከሻ ላይ ነው የምትዞረው። የእኛዎቹ ግን ሦስት ሳቱ። የመጨረሻዋን የመታችው አምበሏ ፒሊ ናት፤ ኳሷ አግዳሚውን አልፋ፣ የዘለልነውን ግንብ ራሱን ዘላ መንገድ ላይ ወደቀች። ቡጉሩኒዎች በሬውን እየጎተቱ ሲሄዱ ሆን ብለው በኬኮ በኩል አለፉ። በሬው ምዜ ሾማሪ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ፋንድያውን ጣለ።

ሰው ሲሸነፍ የሚሸከምለት ጀርባ ይፈልጋል። የባጃጁ ልጅ እሑድ ጠዋት የጎረሰውን ሳይውጥ "ምንጋዚጃዋ እኮ እስከ ኮሌጅ ድረስ እንደ ሬዲዮ ስታወራ ነበር" አለ። ይኼው በቃ። የፒሊን እናት ካሳቫ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ወሬው ላይ ከራሱ እየጨመረ "ሸጠችን" ይላል። ኤሻታ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከቧንቧው የተሰለፉት ሴቶች ባልዲያቸውን ሰበሰቡ። ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ኮሚቴው ጠራት።

ምዜ ሾማሪ ገና ቀለም ያልተቀባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ሰጋቱራው ላይ ናቸው፣ ፒሊም ከመካከላቸው። ኤሻታን ግን ማንም ተቀመጪ አላላትም።

"ትናንት ጠዋት ተናግረሻል አልተናገርሽም?"

"ተናግሬያለሁ።"

"አያችሁ!" አለች ቻውሲኩ። "ሸጠችን አላልኳችሁም?"

"የያዝኳቸውን ሁለቱንስ ሸጬ ነው የያዝኩት?"

"እሱማ ለማስመሰል ነው። ሻጭ ሁሉ ሁለት ይይዛል።"

የኤሻታ ደም ፈላ። እዚህ ቡድን ውስጥ አንድም ቀን ልምምድ አልቀረችም። የቻውሲኩን ቁርጭምጭሚት ያሸችው፣ የአሰልጣኟን ልጅ ትኩሳት ስትጠብቅ ያደረችው እሷ ናት። ያኔ ሁሉ የኬኮ ልጅ ነበረች። ኳሷ ግንቡን ስትዘል ነው ባዳ የሆነችው።

"ምዜ፣" አለች፣ "መድኃኒቱ በቃል የሚፈርስ ከሆነ እኔ ኮሌጅ ከመድረሴ በፊት ፈርሷል። የፈረሰው እዚሁ እርስዎ በር ላይ ነው። ሺካሞ አልኩዎት። ማራሃባ አሉኝ።"

 ከኮሚቴው አንዱ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው።

"እኔ?" ምዜ ሾማሪ ተነሱ።

"እርስዎ።"

"እኔ ራሴ የከለከልኩትን? ልጅት፣ ጨርቄን ጥዬ የማብድ መሰልኩሽ?"

"አላበዱም። ረስተው ነው። እኔም ረስቼ ነው።"

"ትናንት ጠዋት አንቺን በዓይኔ አላየሁሽም! ብትናገሪም ደግሞ አልመልስልሽም። ሾማሪ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሸጠሽን አልበቃ ብሎ በሽማግሌ ታላክኪ?"

"ፒሊ አብራኝ ነበረች። ጠይቋት።"

ሁሉም ወደ ፒሊ ዞሩ። ፒሊ የእግሯን ጣቶች ሰጋቱራው ውስጥ ቀበረች። ምን እያሰበች እንደሆነ ለመገመት ባለመድኃኒት አያስፈልግም። መድኃኒቱን ያፈረሱት ሽማግሌው ከሆኑ፣ በረኛዋም ካልሸጠች፣ ያኔ የሚቀረው ግንቡን የዘለለችው ኳስ ናት።

"ፒሊ" አለች ኤሻታ።

"እኔ አልሰማሁም።"

"ምን?"

"እኔ እንጃ። ብትዪም እኔ አልሰማሁም።"

"አፍሽን አፍነሽ አልሳቅሽም? 'ራሳቸው ከልክለው ራሳቸው' አላልሽኝም?"

ፒሊ ካንጋዋ ላይ የተጣበቀ ሰጋቱራ መልቀም ጀመረች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው። የፒሊ ዝምታ እዚያው በሁላችን ፊት ነቀዘ። ኤሻታ የሰው ስድብ መቻል ትችላለች፣ በስዋሂሊዋም ሲቀልዱባት ችላለች። ይኼኛው ግን አንጀቷን ነው የቆረጠው። ከአምበሏ አፍ አንዲት "አዎ" ብትወጣ ስሟ ይመለስላት ነበር። "እኔ እያለሁልሽ" ያለችው ይህቺው ሴት አይደለች? ኤሻታ፣ ፒሊ የሳተችውን ምት አንስታ ልትመልስላት ትችል ነበር፤ ጉሮሮዋ ድረስም መጥቶ ነበር። አላለችውም። እንደነሱ ሰውን በወደቀበት መርገጥ አስጠላት።

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" አሉ ምዜ ሾማሪ ተመልሰው እየተቀመጡ፣ የድል ድምፅ ነበር። "ሰማችሁ አይደል? ምስክሯ ራሷ አልሰማሁም ትላለች። ከእንግዲህ ይህ ቡድን ባዳ በረኛ አይኖረውም። ጓንቱን አስረክቢ።"

ኤሻታ ጓንቱን ከቦርሳዋ አወጣች። አልጋው ላይ ወረወረችው፣ ከሽማግሌው ጭን አጠገብ ዐረፈ።

"እንኩ" አለች። "ይኼም ዝም ይላል። ለእናንተ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።"

የዚያን ቀን ማታ ሁለቱ በአንዱ አጎበር ሥር ጀርባ ለጀርባ ተኙ። ፒሊ አንዴ "ኤሻታ" አለች። ሲነጋ ኤሻታ ልብሷን አጣጠፈች፣ መጻሕፍቷን ከታች፣ ነጩን ልብስ ከላይ አድርጋ ሻንጣዋን ዘጋች። አብራት የምትማር ልጅ ሌላ ሰፈር ውስጥ ክፍል ታካፍላታለች። የፒሊን እናት እጅ ሳመች። አሮጊቷ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ነበርና ምንም አልጠየቁም፣ ማንዳዚ በወረቀት ጠቅልለው ብቻ አስያዟት። ፒሊ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሻንጣውን ልያዝልሽ" አለች።

ኤሻታ እንዳልሰማች ሆና አለፈቻት። አልሰማሁም ማለት ያን ያህል ቀላል ከሆነ እሷም ትችላለች።

የኬኮ መንገድ ሰኞ ጠዋት ሰው ይበዛበታል። ኮሚቴው ምዜ ሾማሪ በር ላይ፣ ያው ቀለም ያልተቀባ አልጋ ላይ ተቀምጦ በቆርኪ ዳማ ይጫወታል። ቻውሲኩ ከጎናቸው ቆማ ማንዳዚ ትበላለች። ምዜ ሾማሪ አጎንብሰው ይልጋሉ፣ ፍቅፋቂው እግራቸው ሥር እየተጠቀለለ ይወድቃል። ዓሣ ሻጯ ትሪዋን ተሸክማ "ሺካሞ" ብላ አለፈች። "ማራሃባ" አሉ። የትምህርት ቤት ልጆች መጡ፣ "ሺካሞ!" "ማራሃባ፣ ማራሃባ።" ቀና አይሉም፤ የእግር ኮቴ ሰምተው ብቻ ነው የሚመልሱት።

ኤሻታ ሻንጣዋን እየጎተተች ደረሰች። ዳማ ተጫዋቾቹ አዩዋትና ተጠቃቀሱ። ቻውሲኩ ማኘኳን አቆመች። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ትሰድባቸው ይሆን? ታለቅስ ይሆን?

እሷ ግን የምትታገለው ከራሷ ምላስ ጋር ነበር። በሕይወቷ በሽማግሌ ፊት ዝም ብላ አልፋ አታውቅም። እናቷ ብትሰማ በጥፊ ነበር የምትላት። ቃሉ በራሱ ጊዜ ተነስቶ እስከ ጥርሷ መጣ። በሰው ሁሉ ፊት ሻጭ ያሏትን፣ በዓይኔ አላየሁሽም ያሏትን አሰበች። ከንፈሯን ገጥማ ቃሉን ዋጠችው፤ ቆሻሻ ውሃ እንደመዋጥ መረራት። የሻንጣው ጎማ እየተንኳኳ በሽማግሌው ፊት አለፈ።

"ማራሃባ፣ ልጄ" አሉ ምዜ ሾማሪ።

የዳማ ተጫዋቹ እጅ ቆርኪውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ሰዎቹ ተያዩ። ቻውሲኩ የጎረሰችውን እንደያዘች አፏን ከፈተች።

"ምዜ" አለ አንደኛው፣ ቀስ ብሎ፣ "ለማን ነው የመለሱት?"

"ለማን ይሆናል? ሺካሞ ላለችኝ ነዋ!"

"ልጅቷ እኮ ምንም አላለችም።"

መላጊያው ቆመ። ምዜ ሾማሪ ቀና ብለው መጀመሪያ ሰዎቹን፣ ከዚያ ኮሚቴው የተቀመጠበትን አልጋ፣ ከዚያ መንገዱን አዩ። ጓንቱ ከትናንት ጀምሮ እዚያው አልጋው ላይ ነበር። ኤሻታ ባጃጁ ጋ ደርሳ ሻንጣዋን እየጫነች ነው።

"ምንጋዚጃ!" ብለው ተጣሩ። "ልጄ!"

ሰምታለች። መስማቷን ሁሉም አይተዋል። ባጃጁ ውስጥ ገባችና ለሾፌሩ የምትሄድበትን ሰፈር ነገረችው።